ውዝፍ ደመወዝ፦ ኡስማን ሴምቤን ከጦሩ ይዞት የወጣው ሒሳብ

ስለ ሴኔጋላዊው ደራሲና ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን የተጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ለረጅም ጊዜ አንድ ወሬ ሲቀባበሉ ኖረዋል፤ ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያንና ጀርመን ዘምቶ ተዋግቷል የሚል። ሕይወቱን በስፋት ያጠናው ሳምባ ጋጂጎ የደረሰበት ግን ከዚህ ይለያል። ሴምቤን በ1944 (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ሠራዊት ተመልምሎ ያገለገለው ኒጀር ውስጥ ነው፤ ሥራውም የጭነት መኪና መንዳት ነበር። ጀግና ለሚፈልግ አንባቢ ይህ ሳያሳዝን አይቀርም። ሥራዎቹን መረዳት ለሚፈልግ ግን ከወሬው ይልቅ ሹፌሩ ይጠቅማል። ሴምቤን በልብ ወለድም በፊልምም ወታደርን ደጋግሞ አምጥቶታል፤ ውጊያን ግን የታሪኩ ማዕከል አድርጎ አያውቅም። የሚያሳየን ከውጊያው በፊት ያለውን አፈሳ፣ ከውጊያው በኋላ ያለውን የመክፈያ ጠረጴዛ ነው። ጦሩ የጀብዱ ትዝታ ሰጥቶት አልወጣም። የሰጠው የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ደም የከፈለ ሰው ከማን ምን ይፈልጋል? ደግሞስ በዚያው ሰው እጅ የፈሰሰውን ደም ማን ይጠየቅበታል? እስከ 2007 ዕለተ ሞቱ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ወጣ ማለት አይቻልም። ከሁሉ የሚከብዱት ሥራዎቹ ግን ከዚህ ነው የወጡት።

የተወለደው በ1923 በደቡብ ሴኔጋል፣ በካዛማንስ ወንዝ ዳር ባለችው ዚጊንሾር ነው። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ልጁን ግን ባሕር ያጥወለውለው ስለነበር የአባቱን ሙያ መውረስ አልሆነለትም። ከትምህርት ቤትም ፈረንሳዊውን ዳይሬክተር መትቶ ተባረረና ዳካር ገብቶ በግንበኝነትና በመካኒክነት ሠራ። የተመለመለበት ጦር «የሴኔጋል ተኳሾች» የሚባለውን ስም ያወጣው ከ1857 ጀምሮ ነው፤ መሥራቹም አገረ ገዢው ፌደርብ ነበር። ስሙ የሴኔጋል ይሁን እንጂ ወታደሮቹ ከማሊ፣ ከቡርኪና፣ ከጊኒ፣ ከአይቮሪ ኮስት፣ ከቤኒን፣ ከቻድም ይታፈሱ ነበር። እኛንም በአንድ በኩል ይነካናል፤ በ1941 መጀመሪያ ኤርትራ ውስጥ በኩብኩብና በከረን ከእንግሊዝ ጦር ጎን ተሰልፎ ጣሊያንን የወጋው የነጻ ፈረንሳይ ሻለቃ የቻድ ልጆችን የያዘ ነበር። ጣሊያን ከምሥራቅ አፍሪካ በተነቀለበት ዘመቻ እነዚህ ሰዎች ድርሻ ነበራቸው፤ በእኛ የድል ትረካ ውስጥ ግን ስማቸውን የሚያነሳ ብዙ የለም።

ሴምቤን በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች፣ ጦሩ ነጩን ሰው ያለ ካባው እንዳሳየው ተናግሯል። ጌታ ነኝ ሲል የኖረው ሰው ሲፈራ፣ ሲያለቅስ፣ ሳያውቅ ሲቀር ያየ ወታደር ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ድሮው አይሰግድም። ይህ ነገር በዚያ ትውልድ አፍሪካውያን ወታደሮች ዘንድ የተለመደ ምስክርነት ስለሆነ ብቻውን ሴምቤንን አይገልጸውም። ደግሞም አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሴምቤንን የሠራው ጦሩ አይደለም፣ የማርሴይ ወደብ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ምክንያትም አላቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ ገብቶ ለዓመታት ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሠርቷል፤ የሠራተኞች ማኅበርና የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኗል፤ ሥራ ላይ አከርካሪው ተጎድቶ ከከባድ ሸክም ሲርቅ በንባብ ራሱን አስተምሯል። በ1956 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ርዕሱም «ጥቁሩ የወደብ ሠራተኛ» ነው። ወደቡ ለሴምቤን የመደብ ቋንቋ እንደሰጠው አልክድም። ነገር ግን ቋንቋ የሚያስፈልገው አስቀድሞ የሚናገሩት ነገር ላለው ሰው ነው። ወደቡ ስለ ውል፣ ስለ ሰዓትና ስለ ክፍያ አስተማረው፤ ጦሩ ያስተማረው ደግሞ ውል የሌለበትን ዕዳ ነው። የወደብ ሠራተኛ ደመወዙ ቢቀርበት ሥራ ያቆማል። ወታደር ሥራ ቢያቆም ግን ስሙ አድማ ሳይሆን አመጽ ይባላል፤ መልሱም ጥይት ነው። ይህ ልዩነት ከ1956 በኋላ በሠራቸው ብዙ ሥራዎች ውስጥ ይታያል።

በሁለተኛው ልብ ወለዱ፣ በ1957 በወጣው «ኦ አገሬ፣ ውቡ ሕዝቤ» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዑመር ፋይ ከአውሮፓ ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው። ከፈረንሳዊት ሚስቱ ጋር ካዛማንስ ገብቶ ገበሬዎችን ከነጋዴዎቹ ዋጋ ለማላቀቅ ሲሞክር ይገደላል። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የሚመለሰው ወታደር እየከፋ ይመጣል። በ1965 በታተመው «ቬሂ ሲዮዛን» በተባለው አጭር ልብ ወለድና ከዚያው ታሪክ በተቀዳው «ኒያይ» ፊልም ውስጥ ታኖር የሚባለው ወጣት ከፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ጦርነቶች አእምሮውን ስቶ ተመልሷል፤ መንደሩ ይስቅበታል፤ በመጨረሻም የሌሎች ሴራ መሣሪያ ሆኖ አባቱን ይገድላል። አጭር ፊልም ከሆነው ከ1963ቱ «ቦሮም ሳሬት» ግን አንዲት ትዕይንት ብቻ ከብዙ ገጽ ትበልጣለች። የዳካር ድሃ ባለጋሪ ጋሪ ወደማይፈቀድበት ወደ ሀብታሞቹ ሠፈር ይገባል። ፖሊስ ያስቆመዋል። ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ የጦር ሜዳ ኒሻኑ መሬት ይወድቃል፤ ፖሊሱም በጫማው ይረግጠዋል። ስለ ኒሻኑ ማንም ምንም አያብራራም። ሰውዬው የት እንደተዋጋ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ አይነገረንም። ልብ ሊባል የሚገባው የፖሊሱ ማንነት ነው፤ ፈረንሳዊ አይደለም። ሴኔጋል ነጻ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዕዳው የተላለፈላት አዲሷ መንግሥት ናት፤ የመጀመሪያ ምላሿም ይህ ነው።

ሁለተኛው የሒሳብ ገጽ፣ ማለትም ወታደሩ ራሱ የሚጠየቅበት፣ በ1971 በተሠራው «ኤሚታይ» ውስጥ ይከፈታል። ታሪኩ በዓለም ጦርነቱ ዘመን ካዛማንስ ውስጥ በጆላ ሕዝብ መንደር ላይ የደረሰ ነው። መጀመሪያ ወጣቶቹ ይታፈሳሉ፤ ልጁ አልሰጥም ብሎ የተደበቀበት ሽማግሌ ልጁ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ ጦሩ ሩዝ ፍለጋ ይመጣል። ሩዙ ለጆላ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የሥርዓትና የአምልኮ ነገር ነው፤ አምራቾቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ሩዙን ይደብቃሉ፤ እነሱንም ሐሩር ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሽማግሌዎቹ ከአማልክቶቻቸው ጋር ሲሟገቱ ጊዜው ያልቅባቸዋል። በዚህ ሁሉ መሐል መንደሩን ከብበው የቆሙት፣ ሴቶቹን የሚጠብቁት፣ በመጨረሻም የሚተኩሱት ቀይ ቆብ የደፉ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። አዛዡ ፈረንሳዊ ነው፤ ጣቱ ግን የማን እንደሆነ ይታያል። ሴምቤን ራሱ በፊልሙ ውስጥ ከእነዚህ ወታደሮች የአንዱን ሚና ተጫውቷል፤ የማርሻል ፔታን ሥዕል ወርዶ የደጎል ሲሰቀል ከባልደረቦቹ ጋር የሚከራከረው እሱ ነው። ሰባት ኮከብ የነበረው ማርሻል በባለ ሁለት ኮከብ ጄኔራል እንዴት ተተካ ነው ጭንቀታቸው። ያስቃል፤ ግን ሳቁ መራራ ነው። ፋሺስት የተባለው መንግሥት ወርዶ ነጻ አውጪ የተባለው ሲወጣ ለመንደሩ የተለወጠ ነገር የለም፤ ሩዙ ያው ይፈለጋል። አንድ ደራሲ የቀድሞ ደንብ ልብሱን እንደገና ለብሶ በተኳሾቹ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም፣ ተበደልን ብቻ ሳይሆን በድለናልም ማለቱ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ወደ ቲያሮይ ጅምላ ግድያና ሴምቤን ስለ እሱ ወደ ሠራው ፊልም ስንመጣ፣ ታሪኩን ከፊልሙ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። በ1940 ፈረንሳይ ስትሸነፍ ብዙ አፍሪካውያን ወታደሮች በጀርመን እጅ ወደቁ። ከእነዚህ ምርኮኞች መካከል ወደ 1,300 የሚጠጉት ኅዳር 21 ቀን 1944 ዳካር ወደብ ላይ ወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቲያሮይ ካምፕ ገቡ። የሚጠይቁት ግልጽ ነበር፤ በምርኮ የቆዩበትን ጊዜ ውዝፍ ደመወዝና የስንብት ክፍያ። ኅዳር 28 ቀን ካምፑን የጎበኙትን ጄኔራል ዳኛን መንገድ ዘግተው አስቆሟቸው፤ ጄኔራሉም ጉዳያችሁን አያለሁ ብለው ከወጡ በኋላ በኃይል ለመጨረስ ወሰኑ። ታኅሣሥ 1 ቀን ንጋት ላይ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የያዘ ጦር ካምፑን ከቦ ተኮሰ። በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 35 ነበር፤ በዚያው ዘመን በተጻፈ ሌላ ወታደራዊ ሰነድ 70 ተብሏል፤ ታሪክ አጥኚዋ አርሜል ማቦን ደግሞ ከ300 በላይ መሆኑን ትሟገታለች። በመጋቢት 1945 ወታደራዊ ፍርድ ቤት የቆሙት ተኳሾቹ አልነበሩም፤ ከተተኮሰባቸው መካከል 34 ሰዎች በአመጽ ተፈርዶባቸው እስከ 10 ዓመት እስራት ተወሰነባቸው።

ሴምቤን ከቲየርኖ ፋቲ ሶው ጋር በ1988 የሠራው «ካምፕ ደ ቲያሮይ» ይህንን ታሪክ ከሁለት ሰዓት በላይ በዝግታ ይተርካል፤ ዝግታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ግድያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሁሉ በአስተዳደር ጣጣ ይሞላል። ወታደሮቹ አሜሪካውያን የሰጧቸውን ደንብ ልብስ አውልቀው ቁምጣና ቀይ ቆብ እንዲለብሱ ይታዘዛሉ። ሥጋ የሌለው ቀለብ ይቀርብላቸዋል። በመጨረሻ የገንዘብ ምንዛሪ ይመጣል፤ ይዘውት የመጡትን የፈረንሳይ ገንዘብ ጦሩ በግማሽ ዋጋ ልመንዝርላችሁ ይላቸዋል። ግማሽ ዋጋ ማለት ደግሞ ግማሽ ሰው ናችሁ ማለት መሆኑን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለጋቸውም። ከመካከላቸው የተማረው ሻምበል ባሻ ዲያታ ነው፤ ፈረንሳዊት ሚስቱን አውሮፓ ትቶ የመጣ፣ መጽሐፍ አንባቢ፣ እንግሊዝኛም የሚናገር። ዳካር ከተማ ወጥቶ በአሜሪካ ደንብ ልብሱ ምክንያት ጥቁር አሜሪካዊ መስሏቸው መጠጥ ቤት ያስገቡታል፤ አፍሪካዊ መሆኑ ሲታወቅ ያባርሩታል፤ የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊስም ይደበድበዋል። ይኸው ሰው የተወለደበት መንደር ኤፎክ መቃጠሉን፣ ቤተሰቡም መገደሉን ከዘመዶቹ ይሰማል። ኤፎክ በ«ኤሚታይ» ያየነው ዓይነት መከራ የደረሰባት የካዛማንስ መንደር ናት። ስለዚህ በ17 ዓመት ልዩነት የተሠሩት ሁለቱ ፊልሞች አንድ ታሪክ ከሁለት ጫፍ የሚተርኩ ናቸው፤ በመጀመሪያው መንደሩ ሲገደል ልጁ ለገዳዩ ሲዋጋ ነበር፤ በሁለተኛው ልጁ ተመልሶ ሒሳቡን ሲጠይቅ የመንደሩ ዕጣ ይደርሰዋል።

በዚህ ፊልም ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሴምቤን ለቲያሮይ የመጀመሪያ ተራኪ አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው። እሱ ራሱ የጦር ምርኮኛ የነበረው ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ግድያው በተፈጸመበት ወር ግጥም ጽፎለታል፤ ጊኒያዊው ኬይታ ፎዴባም በድራማዊ ግጥሙ ውስጥ አንስቶታል። ልዩነቱ ግን ለሙግቴ ይረዳኛል። ሴንጎር ለሟቾቹ ሙሾ አወረደ፤ ከፈረንሳይ ጋር የሚታረቁበትንም በር ክፍት ተወ። የሴኔጋል ፕሬዝዳንት ሆኖም በዚያው በር ገብቶ ወጥቷል። ሴምቤን ግን የሟቾቹን ጥያቄ እንደነበረ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ብሩ የታለ? ሙሾ አለቃቅሶ ያበቃል፤ ዕዳ ግን እስኪከፈል ድረስ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፊልሙ ታሪክን ያጣምማል የሚል ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ፔይ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ነው። ፔይ ከቡኸንቫልድ የማጎሪያ ካምፕ የተረፈ፣ አንደበቱ የተዘጋ፣ የጀርመን የራስ ቁር የማይለየው ወታደር ነው። የቲያሮይን የሾህ ሽቦና የጥበቃ ማማ ሲያይ ቡኸንቫልድን ያስታውሳል። አብዛኞቹ አፍሪካውያን ምርኮኞች ግን የተያዙት ጀርመን ውስጥ ሳይሆን በተያዘችው ፈረንሳይ በተቋቋሙ የምርኮኛ ካምፖች ነው። እዚህ ላይ ሴምቤን ታሪኩን ወደ ሙግቱ ገፍቶታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የፔይ ሚና ማጎሪያ ካምፕና ቅኝ ግዛት እኩል ናቸው ለማለት ብቻ አይደለም። ታንኮቹን በሌሊት ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ ለጓዶቹ ሊነግራቸው ሲሞክር በእብድ ደንብ መልሰው ያስተኙታል። ጓዶቹ የጄኔራሉን የክብር ቃል አምነው ሲጨፍሩ ያመሹ ናቸው። እነሱ የሚያምኑት ውል እንዳለ ነው፤ እሱ ግን ውል እንደሌለ አይቶ መጥቷል። ፊልሙ ፈረንሳዮቹን በሙሉ ጨካኝ አድርጎ ሥሏል የሚባለውም አያስኬድም፤ ሻምበል ሬይሞን ወታደሮቹ የሚጠይቁት መብታቸውን መሆኑን ለአለቆቹ በግልጽ ይከራከራል። ቅን መሆኑ ግን ምንም አይለውጥም፤ ፊልሙ የሚለውም ይህንኑ ነው።

እኔ ራሴ ከባድ የምለው ሌላ ተቃውሞ ነው። ቲያሮይን ከከበቡት ኃይሎች መካከል አፍሪካውያን ወታደሮችም ነበሩ። በ«ኤሚታይ» የተኳሹን ፊት ያለ ርኅራኄ ያሳየ ሰው፣ በ1988 ትኩረቱን በታንኮቹ ላይ አድርጎ ይህን ጎን ማደብዘዙ ድክመት ነው። ምናልባት በተበዳይነቱ መሐል የበዳይነቱን ማንሳት ክሱን ያዳክማል ብሎ ይሆናል፤ ሴኔጋል፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ያለ አውሮፓ ገንዘብ በጋራ የሠሩት ፊልም እንደመሆኑም የተጠበቀበት ነገር ነበር። ቢሆንም ዲያታ የኤፎክን ዜና የሚሰማበት ትዕይንት ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ እንዲሸሽ አልፈቀደለትም። ቤተሰቡን የገደሉት እሱ የለበሰውን ልብስ የለበሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለፈ የቅኝ ግዛት ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ መልሱ በሕግ መዝገብ ውስጥ አለ። ፈረንሳይ በታኅሣሥ 1959 ባወጣችው የበጀት ሕግ ነጻ የሚወጡትን ቅኝ ግዛቶች የቀድሞ ወታደሮች ጡረታ ባለበት እንዲቆም አደረገች። የፈረንሳዊው ወታደር አበል ከኑሮው ጋር ሲያድግ የእነሱ እዚያው ቀረ። የጦር አካል ጉዳተኞችና የቀድሞ ተዋጊዎች አበል እንዲስተካከል የተወሰነው በ2006 ነው፤ ያኔ አብዛኞቹ ሞተዋል። ሴምቤን ስለዚህ ሕግ ፊልም አልሠራም። በ1968 በወሎፍ ቋንቋ የሠራውን «ማንዳቢ»ን ላየ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ኢብራሂማ ዲዬንግ ፓሪስ መንገድ የሚጠርገው የእህቱ ልጅ የላከለትን ሐዋላ ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው የልደት ወረቀት፣ ለልደት ወረቀቱ የሚያውቀው ሰው፣ በመጨረሻም ገንዘቡን የተማረ የአገሩ ልጅ ይበላበታል። ዲዬንግ ወታደር አይደለም። በስሙ የተላከለትን ገንዘብ በወረቀት ብዛት መነጠቁ ግን የቲያሮይን ሰዎች ወንድም ያደርገዋል።

«ካምፕ ደ ቲያሮይ» በ1988 የቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ቢያገኝም በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ለዓመታት ሳይታይ ቀርቷል። ታድሶ በካን ፌስቲቫል የታየው በ2024 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ለሰማንያኛው መታሰቢያ ዋዜማ፣ ፕሬዝዳንት ማክሮን ለሴኔጋሉ ፕሬዝዳንት ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ በላኩት ደብዳቤ ድርጊቱ ጅምላ ግድያ እንደነበር አመኑ። ሴኔጋልም በታሪክ ምሁሩ ማማዱ ዲዩፍ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁማ ሰነዶቹን መመርመር ጀመረች። የኮሚቴው ጥያቄዎች ሟቾቹ ስንት ነበሩ፣ የት ተቀበሩ፣ የሚሉ ነበሩ፤ ከእነዚህም ጋር በኅዳር 1944 ካምፑ ውስጥ የተነሳው የደመወዝ ጥያቄ አብሮ ተነስቷል።